ማሽን ለመፍታት የተተከለ ድንኳን

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወይዘሮ ሶልያና ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሯን ቆልፋ አልከፍትም አለች። ሆዷ እስከ ግማሹ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ የልጃቸው የዘነቡ የሠርግ ቀሚስ አለ። ሠርጉ እሑድ ነው።

«ውድ ደንበኛችን፣ ማሽንዎ ለጊዜው ደክሟታል» አለች ማሽኗ፣ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ይመስል። «ባለሙያችን በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ይደርስልዎታል። ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ እናመሰግናለን።»

በ2087 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ሳምንት የሚያስደስት ቀጠሮ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት የዳቦ ምድጃቸው ከተቆለፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ውስጡ የቀረውን ዳቦ በመስታወቱ እያዩ ልደቱን ሊያከብሩለት አስበዋል ተብሎ ይታማሉ።

ማሽኖቹ የሰው ንብረት አይደሉም፣ የኩባንያው ናቸው። ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ ግድግዳው ላይ ተተክለው ይጠብቁታል፣ ሲወጣም ትቷቸው ይወጣል። ይሰማሉ፣ ያያሉም። ብሎናቸው ባለ አምስት ማዕዘን ነው፣ መፍቻውም ከኩባንያው ሰዎች ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ብሎን የነካካ ሰው መጀመሪያ በትሕትና ይጠየቃል። ሁለተኛ ከነካ ቤቱ ለሁለት ዓመት ከማሽን ሁሉ ይለያል፤ ምድጃው አይሞቅለትም፣ ማቀዝቀዣው አይበርድለትም፣ ሊፍቱም ሳይቆምለት ያልፋል። ኩባንያው ይህን «የአገልግሎት ዕረፍት» ይለዋል። ሕዝቡ ግዝት ነው የሚለው። በእጅ አጥቦ መገላገልም አይቻልም። ሳፋ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ በውሃ ቁጠባ ደንብ ከተከለከለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ልጆች ሳፋ የሚያዩት ሙዚየም ሲወሰዱ ነው።

ወይዘሮ ሶልያና በርጩማ ስበው ማሽኗ ፊት ተቀመጡና በክቡ መስታወት ቀሚሱን አዩት። ጥፋቱ የራሳቸው ነበር። ቀሚሱ ባለፈው እሑድ ከሙሽራው ቤት በጥሎሽ የመጣ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከቀሩት ሁለት ሸማኔዎች አንዱ ሰባት ወር ደክመውበታል። ረቡዕ ዕለት ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ኤልዳና ጥልፉን ላሳይ ብለው ሲዘረጉት የቀይ ሥር ጭማቂ በክርናቸው ገፍተው ደፉበት። አሳዩን ያለ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የገደለኝ ሲሉ ለራሳቸው አመኑ።

ሙሽራ በጥሎሽ የመጣላትን ቀሚስ ሳትለብስ ብቅ ካለች የሙሽራው ወገን ተናቅን ብሎ ይነሳል። ቀኑም የሚገፋ አይደለም። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ኀምሳ አምስት ቀን ሠርግ የለም። ሙሽራው ደበበ ደግሞ ማክሰኞ ለሁለት ዓመት ሥራ ወደ ዳሎል ይሄዳል፤ እዚያ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት በሕግ ያገባትን ብቻ ነው። ዘነቡና ደበበ ሲባል ሽማግሌዎች የመሰሉት ካለ ተሳስቷል። ለልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት የጊዜው ፋሽን ነው፤ ከዘራ የሚይዙት አሁን ሶልያናና ሚኪያስ የሚባሉት ናቸው።

ነገሩን ለሙሽራው አባት ለአቶ ዮናታን በግልጽ ነግሮ መላ መጠየቅ ይቻል ነበር። አቶ ዮናታን ግን የኩባንያው የማኅተም ክፍል ኃላፊ ናቸው። ማሽን እንዳይከፈት የሚያደርገውን ማኅተም፣ ማስጠንቀቂያና ብሎን ሁሉ የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ሶልያና ሞያው አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። ባለቤታቸው አቶ ሮቤል፣ መጠገን ሳይከለከል በፊት፣ የሠፈሩን ዕቃ ሁሉ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተንበርክከው ባትሪ ያበሩላቸው ሚስታቸው ናቸው። «ወደ ግራ አብሪ፣ እጄን ሳይሆን ብሎኑን» እየተባሉ፣ እየተቆጡም እየሳቁም። አንድ ብሎን በእጃቸው ፈትተው አያውቁም፤ ነገር ግን ማጠቢያ ማሽን ውሃ አላወርድ ሲል ነገሩ የት እንደሚፈለግ ያውቃሉ። ከታች በስተቀኝ ካለችው ክዳን ኋላ፣ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ አፍ ላይ፣ የሆነ ነገር ተወትፏል ማለት ነው። እሱ ከወጣ ውሃው ይወርዳል፣ ውሃው ከወረደ በሩ ይከፈታል። ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ሥራ ነው። የቸገራቸው የማሽኗ ጆሮና ዓይን ነው።

ጆሮና ዓይኗ የሚዘጋው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በለቅሶ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣው ሟቿን እያለቀሰች ለምትጮኽ ሴት «ድምፅዎ ተዘግቷል፣ ማር ልዘዝልዎት?» ብሎ ጠየቀ። ለቀስተኛው ማቀዝቀዣውን ተሸክሞ ከአምስተኛ ፎቅ ወረወረው። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው በደንቡ ላይ የኀዘን አንቀጽ ጨመረ። ለቅሶ ሲሰማ የዚያ ብሎክ ማሽኖች በሙሉ ለሦስት ቀን ጆሯቸውንም ዓይናቸውንም ይዘጋሉ፣ ቢነኳቸውም አያውቁም። በተቀዳ ድምፅ የሞከሩ ነበሩ፣ አልሆነላቸውም። ማሽኖቹ የምር ለቅሶ ያውቃሉ።

ወይዘሮ ሶልያና የእድሩን ሊቀመንበር አቶ ሚኪያስን ደረጃ ላይ አገኟቸው። ሊፍቱ ስለሚሰማ የከተማው ምሥጢር ሁሉ የሚወራው ደረጃ ላይ ነው፤ ምሥጢር የሚበዛበት ሰው ጉልበቱ ጠንካራ ነው። አቶ ሚኪያስ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፣ ደንብ ይወዳሉ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ከዘራቸውን ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

«ያለ ሟች ድንኳን አልተክልም» አሉ። «በሕይወት ያለ ሰው ስም ጠርቼም አላስለቅስም፣ ሟርት ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ጋሽ ሚኪያስ። ጨንቆኝ ነው።»

አቶ ሚኪያስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ሮቤልስ?» አሉ።

ወይዘሮ ሶልያና ሮቤል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ መሆኑን አስታወሷቸው። ሊቀመንበሩ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የወረርሽኙ ዓመት ነበር፤ መሰብሰብ ክልክል ነው ተብሎ አስከሬኑን የማዘጋጃ ቤት መኪና ወስዶ በዘጠኝ ደቂቃ ቀበረው። ወይዘሮ ሶልያና በመስኮት ነው ያዩት። ጎረቤት አልመጣም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ደረት አልተመታም።

«በእድሩ በኩል ሮቤል ዛሬም ያልተለቀሰለት ሰው ነው» አሉ አቶ ሚኪያስ። «ድንኳኑ ለሠርግሽ ቅዳሜ ሊተከል ታዝዟል። ነገ ጠዋት ይተከል። ቀደም ማለቱን የሚከለክል ደንብ አላየሁም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ወይዘሮ ሶልያና ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሹካ እጀታ ሲሚንቶው ላይ እየፈተጉ ባለ አምስት ማዕዘን ሲያደርጉት ዋሉ። ለሚያልፈው ሁሉ የሹካ ዝገት እያስለቀቅኩ ነው አሉ። ዘነቡ የእናቷን ዕቅድ ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። በሠርጓ ሰሞን ቤቷ ውስጥ ሙሾ ሊወርድ መሆኑን ደጋግማ ብታሰላስለውም አልገባ አላት። እናቷ ለአባትሽ ነው ሲሏት ግን ክርክሩን ተወችው።

ዓርብ ጠዋት ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ቆመ። ስድስት የብሎኩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወይዘሮ ሶልያና ቤት ገቡ። ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ኤልዳና ናቸው፣ በሠፈሩ በለቅሶ የሚስተካከላቸው የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ሙሾ አወረዱ፣ ሌሎቹም ተቀበሉ። ድምፁ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ወጣ።

«የቴአትር ልምምዳችሁ ደስ ይላል» አለች ማሽኗ ከማጠቢያ ክፍሉ። «እባክዎ ድምፁን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልን።»

ወይዘሮ ኤልዳና ፊታቸው ተለዋወጠ። ስንቱን ሬሳ ሸኝቼ፣ ስንቱን ወንድ አስለቅሼ፣ ዛሬ በዕቃ ልገመገም ነው ብለው ተነሡ። ሁለት ሴቶች ይዘው አስቀመጧቸው። እንደገና ሞከሩ፣ አሁን ደረት ተመታ፣ አንዷም ወለሉ ላይ ወደቀች። ማሽኗ ተዋናዮቹን አመሰገነችና ለልጆች የሚሆን የመዝናኛ ፕሮግራም ጠቆመቻቸው።

ወይዘሮ ሶልያና ተስፋቸው ተቆረጠ። ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ገቡ፣ ሹካውን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ እንደያዙ ማሽኗ ፊት ተንበረከኩ። ሃያ ዓመት የተንበረከኩት እንዲህ ነበር። በግራ ጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ነበረ፣ ክንዱ ክንዳቸውን የሚነካ፣ የዘይት ሽታ ያለው። አሁን በግራ በኩል ግድግዳ ነው ያለው። ሊያለቅሱ አላሰቡም ነበር።

«ሮቤል፣ ባትሪውን ይዣለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «የት ላብራልህ?»

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ሙሾ አልነበረም። ዜማም ግጥምም የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላሰሙት ነው፣ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ፊት ደፋ አሉ። በሩ ላይ የቆመችው ዘነቡ «አባዬ» ብላ ተቀበለቻቸው። ወይዘሮ ኤልዳና በዚያው በወረርሽኙ ዓመት የቀበሯትን እኅታቸውን አስታወሱ። አንድ አፍታ ሳይቆይ እዚያ ቤት ውስጥ የምሩን የማያለቅስ ሰው አልነበረም።

«ኀዘንዎን እንጋራለን» አለች ማሽኗ በዝቅተኛ ድምፅ። መብራቷ ጠፋ። በብሎኩ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ተከታትለው ጸጥ አሉ።

የቀረው ሹካውን ማዞር ብቻ ነበር። ያላሰቡት ነገር የደረሰው ግን ይኼኔ ነው። ድንኳን ሲተከል አንድ ሰው ብቻ እንኳ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠይቆ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። በዚህ አገር ድንኳን ያየ ሰው አይጠይቅም፣ ገብቶ ይቀመጣል። ስድስት ሴቶች ይበቃሉ ተብሎ የታሰበው ለቅሶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ሆነ። አንድ ከማዶ ግቢ የመጡ ማንም የማያውቃቸው ሰውዬ «ወንድሜን» እያሉ ከሁሉም በላይ ይጮኻሉ። የሟቹ ስም ሲሰማ ደግሞ የጥንት ደንበኞች መምጣት ጀመሩ። ሮቤል ሬዲዮኔን የሠራልኝ፣ ሮቤል ሞተሬን ያስነሣልኝ የሚሉ ሽማግሌዎች። አንዱማ ሮቤል የጠገኑላቸውን ካውያ ይዘው መጥተው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያለቅሳሉ።

ወይዘሮ ሶልያና ውስጥ ሆነው አንድ ብሎን ይፈታሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሌላ ብሎን ይፈታሉ። ክዳኗን ሲያነሱ ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ። ሳፋ የለም። የእድሩ የንፍሮ ድስቶች ተጠሩ። ዘነቡና ሴቶቹ ሐምራዊ ውሃ የሞላ ድስት በለቀስተኛው መካከል እያሳለፉ ወደ ውጭ ያወጣሉ፣ ለቀስተኛውም ኀዘን የጠናበት ቤት ንፍሮው እንዲህ ይሆናል ብሎ ነው መሰል አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋቸዋል።

ቀትር ላይ አቶ ዮናታን ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እዝን አሸክመው ግቢው በር ላይ ደረሱ።

ሙሽሪት ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል መባሉን ጠዋት ነው የሰሙት። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፤ ኀዘን የገባበት ቤት ሠርግ አይገባም፣ ለፋሲካ ማግሥት ይተላለፍ። አቶ ሚኪያስ ሟቹ የቆዩ ሟች መሆናቸውን ለማስረዳት ሞከሩ። ሽማግሌዎቹ የቆየም ሆነ የዛሬ ለቅሶ ለቅሶ ነው አሉ። አቶ ዮናታን ወደ ቤቱ አመሩ። ቤት ገብተው ለተጨነቁት ለሙሽሪት እናት ፊት ለፊት ኀዘናቸውን መግለጽ ነው የፈለጉት። አቶ ሚኪያስ ደንብ ጠቅሰው ሊያቆሟቸው ቢሞክሩም ለቀስተኛን ከበር የሚመልስ ደንብ አላገኙም።

የማጠቢያ ክፍሉ በር ሲከፈት ወይዘሮ ሶልያና ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው ማሽኗ ውስጥ ነበር። ጣታቸው ፓምፑ አፍ ላይ የተወተፈውን ነገር ይዞ እየሳበ ነው። ቀና ብለው የማኅተም ክፍል ኃላፊውን አዩ። ማቆም የሚችሉ አልነበሩም። ሳቡት፣ ወጣ። ውሃው በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ የማሽኗም በር ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

አቶ ዮናታን በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ፣ የለቅሶ ቤት ሰላምታ ይቀድማልና።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና ከወለሉ ላይ።

መሸሸግ የሚቻል ነገር አልቀረም፣ ስለዚህ ሁሉንም ተናገሩ። ቀሚሱን ለጉራ መዘርጋታቸውን፣ ጭማቂውን፣ ድንኳኑን። ለቅሶውን ለማሽን ብለው ጀምረው የምራቸውን ማልቀሳቸውንም። «ከፈለጉ ይጻፉብኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት በጨለማ እቀመጣለሁ፣ ደረጃውንም እወጣለሁ። ልጆቹን ግን እሑድ ይዳሩልኝ።»

አቶ ዮናታን በወይዘሮ ሶልያና እጅ ላይ ያለውን፣ ከፓምፑ የወጣውን ነገር ነው የሚያዩት። ወይዘሮ ሶልያና ራሳቸው ገና አላዩትም ነበር። የተጨማደደ ተለጣፊ ነው። በጣታቸው ሲዘረጉት ከማሽኗ ውስጠኛ ግድግዳ ተልጦ የወደቀ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተገኘ። «ይህን ማሽን መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፣ ከሥሩ የማኅተም ክፍል ዓርማ አለ።

ለአቶ ዮናታን ሰጧቸው። አቶ ዮናታን አንብበው ገለበጡትና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሙጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ እርጥቡን ወለል ሳይጠየፉ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ ሱሪያቸው እስከ ባታቸው ተሰበሰበ፣ ወገቡም በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ነበር። ወይዘሮ ሶልያና እንዳዩባቸው አወቁ። ሱሪው የደበበ መሆኑን ሳይጠየቁ ተናገሩ። የራሳቸው ሱሪዎች አራት ወር ሙሉ ማሽን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ኃላፊ ስለሆኑ ቀጠሮው ተፋጥኖላቸው ሃያ ሁለት ሳምንት ተብሎላቸዋል። ለሠርጉ በልጃቸው ሱሪ ሊመጡ ወስነው እንደነበረ ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ።

ወይዘሮ ሶልያና መሳቅ አልነበረባቸውም፣ ለቅሶ ላይ ናቸው። ሳቁ። አቶ ዮናታንም ሳቁ፣ በኋላም ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቀሚሱ ከማሽኗ ወጥቶ ተዘረጋ። ከጫፉ ላይ የስንዝር ያህል ሐምራዊ ቀርቶበታል፤ አቶ ዮናታን አዩትና ጥልፍ ነው ያሉ እንደሆነ የሚከራከር የለም አሉ።

አቶ ዮናታን ከክፍሉ ወጥተው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ወይዘሮ ሶልያና በሩን ገርበብ አድርገው አዳመጡ። አቶ ዮናታን ሟቹ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑን፣ ዛሬ የተደረገው ለቅሶ ሳይሆን የተቋረጠ ለቅሶ መጨረስ መሆኑን፣ ለቅሶው የተጨረሰለት ቤት ደግሞ ለሠርግ ንጹሕ መሆኑን አስረዱ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ስላልገጠማቸውም የሚቃወሙበት አጡ። ሠርጉ እሑድ ሆኖ ጸና፣ ድንኳኑም አይነቀል ተባለ። ዘነቡ ድስቱን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

አቶ ዮናታን ተመልሰው ወደ ማጠቢያ ክፍሉ መጡ፣ ግን አልገቡም። ተለጣፊው አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

«እናቴም በዚያው በወረርሽኙ ዓመት ነው ያረፈችው» አሉ። «እኔ ያን ዕለት ሥራ ገብቼ ዋልኩ። እኛ ጋ ድንኳን የሚተክል ሰው አልነበረም።»

ወይዘሮ ሶልያና ሹካውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሠርጉ ካለቀ በኋላ፣ ሰኞ ዕለት ቤቴ ቢመጡልኝ?»

«ለማልቀስ ነው ወይስ ለመፍታት?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

የማኅተም ክፍል ኃላፊው አጭሩን ሱሪያቸውን ወደ ታች ጎተት አደረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«መጀመሪያ ለማልቀስ» አሉ።